ሐዋሳ ተቀምጬ የምገብርለት የኦርላንዶ ሳምንት

የሐዋሳ ነዋሪዎችና ከሐዋሳ ወጥተው በውጭ አገር የሚኖሩ ሰዎች የሚወያዩበት መድረክ አለን። አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው የመሬት ካርታ፣ የመኪና ቀረጥና የትምህርት ቤት ክፍያ ነው። እኔ ለስድስት ዓመታት ሳነብ ኖርኩ እንጂ አንድ ቃል ጽፌበት አላውቅም። ባለፈው የካቲት ግን ጥያቄ ይዤ ገባሁና በዘጠኝ ቀናት ውስጥ ሠላሳ መልሶች ተደረደሩ፤ ከመካከላቸው የእኔም አሉበት። ክሩ፣ ማለትም ጥያቄዬና መልሶቹ የተደረደሩበት ገጽ፣ ከተዘጋ በኋላ ያው ችግር ያለባቸው ሰዎች በውስጥ መስመር ስለሚጠይቁኝ፣ የተባለውን በተራ ቁጥሩ እየተከተልኩ እዚህ አስፍሬዋለሁ። የሰዎቹን ቃል እንዳለ አልገለበጥኩም፤ አንዳንዱ ቢገለበጥም ለእነርሱም ለእኔም አይበጅም።

ጥያቄዬ ይህ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 (ዓ.ም. ካላልኩ በቀር ቀጥሎ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚያው አቆጣጠር ናቸው) በቨርጂኒያ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ እየሠራሁ ሳለ ለእረፍት ወደ ፍሎሪዳ ወረድን። ኦርላንዶ ላይ የመዝናኛ ፓርክ ትኬት በቅናሽ እንደሚሰጠን፣ ቁርስም እንዳለ፣ በምላሹ የምንሰማው ማብራሪያ ከ90 ደቂቃ እንደማይበልጥ ተነገረን። 90 ደቂቃው አምስት ሰዓት ፈጀ። ከአዳራሹ ስንወጣ በየዓመቱ አንድ ሳምንት የምናርፍበትን ባለ ሁለት መኝታ ቤት ድርሻ፣ በእነርሱ አጠራር ታይምሼር፣ በ16,500 ዶላር ገዝተን ነበር። አሥር በመቶውን አስቀድሜ፣ ቀሪውን ደግሞ በ16.9 በመቶ ወለድ በሰባት ዓመት ከፈልኩ፤ ሁሉ ሲደመር ከ27 ሺህ ዶላር አለፈ። ብድሩ በ2019 ተዘጋ፤ እኔም በዚያው ዓመት መስከረም ላይ ወደ ሐዋሳ ተመልሼ አቶቴ አካባቢ የጽሕፈት መሣሪያና የፎቶ ኮፒ ሱቅ ከፈትኩ። ያልተዘጋው ዓመታዊው የጥገና ክፍያ ነው። ሄድኩም ቀረሁም በየዓመቱ ጥር ላይ ይመጣል፤ መጀመሪያ 610 ዶላር የነበረው ዘንድሮ 1,245 ደርሷል። ገቢዬ በብር ነው፤ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ ከእጥፍ በላይ ስለሆነ፣ የዚያ ሳምንት ክፍያ የሱቄን የወራት ትርፍ ጠቅልሎ ይወስዳል። ዘንድሮ የመጣውን እንዳልከፈልኩ ገለጽኩና ከዚህ ነገር በየት በር እንደሚወጣ ጠየቅሁ።

ቁጥር 1 ከታምፓ የጻፉ ሰው ናቸው፤ ትሕትናቸው እስካሁን ከአእምሮዬ አልወጣም። አስቀድመው ስለ ውሉ የመሰረዣ ቀናት አስረዱኝ። በፍሎሪዳ ሕግ ገዢው ከፈረመበት ወይም የመጨረሻውን ሰነድ ከተቀበለበት ቀን፣ ከሁለቱ ከዘገየው ጀምሮ፣ በ10 ቀናት ውስጥ ምክንያት ሳይሰጥ በጽሑፍ አሳውቆ ውሉን ማፍረስና ገንዘቡን መልሶ መውሰድ ይችላል። ይህን መብት ውሉ ላይ በሚጻፍ ቃል ማስቀረት አይቻልም። በኔቫዳ አምስት ቀን፣ በካሊፎርኒያና በቨርጂኒያ ሰባት ቀን ነው። ይህን የጻፉት ለእኔ ብለው እንዳልሆነ፣ ከእኔ በኋላ ለሚያነብ ሰው ብለው እንደሆነ አከሉና፣ እኔ አሥራ ሦስት ዓመት ስለዘገየሁ አዘኑልኝ። ሳነበው ያ የመሰረዣ ወረቀት ከኦርላንዶ በተሰጠን ወፍራም አቃፊ ውስጥ እንደነበረ ትዝ አለኝ። አቃፊው ቆዳ መሳይ ልባስ ነበረው፤ ልጄ ለትምህርት ቤት ሥዕሎቿ ወሰደችው።

ቁጥር 2 ወጣት ሳይሆን አይቀርም፤ መልሱ ሁለት መስመር ብቻ ነበር። ክፍያውን እንዳቆምና ጉዳዩን እንድረሳው መከረኝ፤ አንድ የኦርላንዶ ኩባንያ አቶቴ ድረስ መጥቶ የፎቶ ኮፒ ማሽን እንደማይወርስብኝም አስረግጦ ነገረኝ። አሥራ አራት ሰዎች ወደዱለት። አሥራ አምስተኛው እኔ ልሆን ምንም አልቀረኝም ነበር።

ቁጥር 3 በሜሪላንድ በአንድ ዕዳ ሰብሳቢ ድርጅት ውስጥ ለአራት ዓመታት የሠራች እህት ናት፤ ቁጥር 2ን በጨዋነት ግን ሳታወላዳ አረመችው። መክፈል ማቆም ከውሉ መውጣት አይደለም፤ መባረርን መጠበቅ ነው። መጀመሪያ የመዘግየት ቅጣትና ወለድ ይታከላል፤ ቀጥሎ ሒሳቡ ለዕዳ ሰብሳቢ ይተላለፋል፤ ከዚያ በአሜሪካ የክሬዲት መዝገብ፣ ማለትም ባንኮች በሚያዩት የብድር አከፋፈል ታሪክ ላይ ይሰፍርና ለሰባት ዓመታት እዚያው ይቆያል። በመጨረሻ የባለድርሻዎቹ ማኅበር ድርሻውን ይወርሳል። ፍሎሪዳ ለታይምሼር ብቻ የተለየ የመውረሻ ሥርዓት ስላላት፣ ባለድርሻው ካልተቃወመ ነገሩ ፍርድ ቤት ሳይደርስ ሊያልቅ ይችላል። የአሜሪካ ክሬዲት ለማያስፈልገው ሰው ይህ ሁሉ ቀላል ሊመስል እንደሚችል አልካደችም። ለማን ቀላል እንደሚሆን ግን አስቀድሞ ማጣራት እንደሚያስፈልግ ጻፈችና እዚያው ላይ አቆመች። ያኔ ቁም ነገሩን አላስተዋልኩትም፤ ወይም ማስተዋል አልፈለግሁም።

ቁጥር 4 ሐይቅ ዳር ባለ ሆቴል በእንግዳ ተቀባይነት የሚሠራ ሰው ሲሆን፣ ክፍሉ ባዶ እያለ በሌሊት ሒሳብ መከራየት ሲቻል ሰው ለምን ሳምንት ይገዛል ብሎ ተገረመ። ቁጥር 5 እዚሁ ሐዋሳ በየዓመቱ አሥር ሌሊት የሚያሳድር ድርሻ ለዘመዱ የሸጠ ሰው እንደነበረና ሎጁ ከመሠረቱ እንዳላለፈ ተረከ፤ ስም አልጠራም፤ እኔም አልጠይቀውም። ከዚያ ነገሩ ወደ ሐይቁ መሙላትና ወደ ዓሣ ገበያው ዋጋ ሊያዘነብል ሲል፣ ሆቴልና ቱሪዝም የሚያስተምሩ አንድ መምህር በቁጥር 6 መልሰው ያዙት።

መምህሩ ጥሩ ነገር አስተማሩን። ይህ የሽያጭ ዘዴ የተጀመረው በ1960ዎቹ በአውሮፓ፣ በአልፕስ ተራራዎች አካባቢ ነው፤ በስዊዘርላንድ በ1963 የተመሠረተ ኩባንያ ከቀዳሚዎቹ አንዱ ነው። ሐሳቡ በራሱ ክፋት አልነበረበትም፤ የበረዶ መንሸራተቻ ቤቶች በክረምት ጢም ብለው ስለሚሞሉ፣ ደንበኛው አስቀድሞ ገንዘቡን አዋጥቶ ተራውን እንዲያረጋግጥ የተፈለገ ነበር። ነገሩ አትላንቲክን ተሻግሮ አሜሪካ ሲደርስ ብዙው ድርሻ የሚያበቃበት ቀን የሌለው፣ እንደ ርስት ለልጅ የሚተላለፍ ሆኖ ተሸጠ። የጥገና ክፍያው ደግሞ የጣሪያ፣ የመዋኛ ገንዳ፣ የዘበኛ፣ የግብርና የኢንሹራንስ ወጪ ለባለሳምንቶቹ የሚከፋፈልበት ስለሆነ ወደ ላይ እንጂ ወደ ታች አይሄድም፤ ከባድ አውሎ ነፋስ ሲመጣም ልዩ መዋጮ ሊጠየቅበት ይችላል። ሰው ሕንፃው እያረጀ ሲሄድ ክፍያው እየቀነሰለት የሚሄድ ይመስለዋል፤ መምህሩ እንዳሉት ግን ያረጀ ቤት የሚበላው ይጨምራል።

ቁጥር 7 እናት ናቸው፤ ክሩ ላይ እትዬ ብለን የምንጠራቸው። የእድርና የእቁብ ሰው ስለሆኑ ነገሩን በዚያ ለኩት። ከእድር የሚወጣ ሰው የከፈለው ይቀርበታል፣ ድንኳንም አይተከልለትም፤ ነገር ግን እድሩ ልጆቹን እየተከተለ አይጠይቅም። እቁብ የደረሰው ሰው ደግሞ ቀሪውን ዙር ከፍሎ ይገላገላል። እኔ እቁቡም ደርሶኝ፣ ዙሩም አልቆ፣ አሁንም የምጥል መሆኔ አልገባቸው አለ። ነገሩን ከእርሳቸው የተሻለ የገለጸ ሰው በክሩ ውስጥ አላገኘሁም።

በቁጥር 8 አንድ የሐዋሳ ጠበቃ ገቡ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 1704 በተንኮል የተሠራ ውል ሊፈርስ እንደሚችል ይደነግጋል፤ በቁጥር 1810 ደግሞ የፈራሽነቱ ምክንያት ከተወገደበት ጊዜ አንሥቶ በሁለት ዓመት ውስጥ ካልተከሰሰ ውሉ አይፈርስም። ይህን ያሉት ተስፋ ሊሰጡኝ አልነበረም። ውሉ በፍሎሪዳ ባለ ንብረት ላይ በፍሎሪዳ ሕግ የተሠራ ስለሆነ ሐዋሳ ላይ ክስ ብመሠርት ዳኛው ፋይሉን ከፍተው ከመዝጋት በቀር የሚያደርጉት እንደሌለ ነው የነገሩኝ። የምክር ዋጋም አልጠየቁኝም።

ቁጥር 9 የሰዋስው መምህር ይሁኑ ወይም መርማሪ፣ እስካሁን አላወቅሁም። ጥያቄዬን ደግመው እንዳነበቡትና፣ ወደ ፍሎሪዳ ስወርድ፣ ትኬት ሲቀርብልኝና ቤቱን ስገዛ ግሱ በብዙ ቁጥር፣ ስከፍል ግን በነጠላ እንደሆነ እንዳስተዋሉ ጻፉ። በሰነዱ ላይ ከእኔ ሌላ የተጻፈ ስም ካለ እንድነግራቸው በአክብሮት ጠየቁኝ። በቁጥር 10 መልስ ሰጠሁ። ሰነዱ አሁን በእጄ እንደሌለ፣ ፈልጌ እንደማሳውቅ ገለጽኩ። ሰነዱ በእጄ አለመኖሩ እውነት ነበር፤ ስሙን ለማወቅ ግን ሰነዱ አያስፈልገኝም ነበር።

ቁጥር 11 አሁን ባዶ ነው። አንድ ሰው 3,500 ዶላር ቀድሞ ለሚከፍል ማንኛውንም ታይምሼር በ90 ቀናት ውስጥ የሚያስወጣ ድርጅት እንዳለው አስተዋውቆ ስልክ ቁጥር ትቶ ነበር፤ የመድረኩ አስተባባሪ በግማሽ ሰዓት ውስጥ አጠፋው። በዚያች ግማሽ ሰዓት ቁጥሩን ወረቀት ላይ መጻፌን አልደብቅም።

ወረቀቱን እንድቀደው ያደረገችኝ ቁጥር 12 ናት። ላስ ቬጋስ ያለ የአጎቷ ልጅ ድርሻውን በደህና ዋጋ የሚገዛ የሜክሲኮ ነጋዴ ተገኝቶልሃል ተብሎ ተደወለለት። የዝውውር ግብር፣ የባንክ ማረጋገጫ፣ የመንግሥት ማኅተም እየተባለ በሦስት ጊዜ 4,800 ዶላር ላከ፤ ገዢ የሚባል ሰው ግን አልነበረም። ቁጥር 13 ይህን ሰው ተላላ ብሎ ሲያላግጥበት፣ በቁጥር 14 ከቺካጎ የጻፈ የሒሳብ ባለሙያ በኃይል ተቆጣው። በ2024 የአሜሪካ ግምጃ ቤትና ኤፍቢአይ ባወጡት ማስጠንቀቂያ መሠረት፣ ከ2019 እስከ 2023 ባሉት ዓመታት ወደ 6,000 የሚጠጉ አሜሪካውያን በሜክሲኮ ታይምሼር ማጭበርበር 300 ሚሊዮን ዶላር ያህል እንደተወሰደባቸው አመልክተዋል፤ ከበስተጀርባው ያሉትም የአደንዛዥ ዕፅ ቡድኖች ናቸው። ከውል እናስወጣለን የሚሉት ድርጅቶችም ቢሆኑ፣ በ2022 የፌዴራል ንግድ ኮሚሽንና የዊስኮንሲን ግዛት በአንድ ላይ ከከሰሷቸው መካከል ከ90 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከሰው ሰብስበዋል የተባሉ ይገኛሉ። ስድስት ሺህ ሰው ሁሉ ተላላ ሊሆን እንደማይችል፣ አንድ ጊዜ የተታለለ ሰው ስልኩ ዝርዝር ውስጥ ስለሚገባ ለሁለተኛው አታላይ እንደሚሸጥ አስረዳ። ቁጥር 13 አልመለሰለትም።

በዚሁ መልስ ውስጥ የሚጠቅመኝ ሌላ ነገርም ነበር። ድርሻውን ልሽጠው ብል ገበያው ምን እንደሚመስል ለማየት፣ በኢንተርኔት ጨረታ በአንድ ዶላር የቀረቡ ሳምንታትን እንድመለከት አሳየኝ። ተመለከትሁ፤ በአንድ ዶላርም ገዢ ያጡ ነበሩ። የሚገዛው ሰው የሚገዛው ዓመታዊውን ክፍያ ነውና። የበጎ አድራጎት ድርጅቶችም አብዛኞቹ በዚያው ምክንያት በስጦታ እንኳን አይቀበሉትም።

ቁጥር 15 ላይ እኚያ የቁጥር 9 ሰው ተመለሱ። ሰነዱን አገኘሁት ወይ ብለው ጠየቁ፤ ሌላ ቃል አልጨመሩም። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝምና ከንጋቱ አሥር ሰዓት ላይ በቁጥር 16 እውነቱን ጻፍኩ። ብድሩን ለመውሰድ የእኔ የክሬዲት ነጥብ ስላልበቃ እህቴ አብራኝ ፈርማለች፤ የባለቤትነት ሰነዱ የተመዘገበው በሁለታችን ስም ነው። እርሷ አሁንም በቨርጂኒያ ትኖራለች፤ በዚህ ዓመት የመጀመሪያ ቤቷን ለመግዛት ከባንክ ጋር ተነጋግራለች። ሐዋሳ ከመጣሁ ጀምሮ ክፍያውን ከሱቁ እየቆጠብኩ በእርሷ በኩል እልክ ነበር። አምና ግን እንዳትጨነቅ ብዬ ነገሩ ተዘግቷል አልኳት። ስለዚህ የዘንድሮው ያልተከፈለ ሒሳብ የእርሷም ዕዳ መሆኑን አታውቅም፤ ቢያንስ እኔ እንደዚያ መስሎኝ ነበር።

ከዚህ በኋላ የክሩ ድምፅ ተለወጠ። ቁጥር 17 አሮጌ ገበያ ልብስ የምትነግድ ሴት ናት፤ ሥራዋ መከራከር ስለሆነ ቃል አልቆጠበችም። ለሦስት ቀናት ሰው ሁሉ ለእኔ ሲጨነቅ እኔ የሌላ ሰው ቤት ላይ ተቀምጬ እንደነበር፣ የቁጥር 2ን ምክር ተከትዬ ቢሆን ኖሮ የእህቴ የቤት ብድር ውድቅ ሆኖ እርሷ ምክንያቱን ከባንክ እንደምትሰማ ዘረዘረች። ኩባንያው በቁርስ እንዳታለለኝ ሁሉ እኔም እህቴን በዝምታ እንዳታለልኩ ጻፈች። መልስ አልነበረኝም። ቁጥር 18 ግን ከዚህ አልፎ ከውጭ የሚመለስ ሰው ሁሉ ለታይታ የሚኖር ነው ወደሚል ስድብ ስለገባ አስተባባሪው በቁጥር 19 ገሠጸው፤ እኔ በበኩሌ ስድቡን እንዳላነበብኩ ቆጠርኩት።

ያስገረመኝ ቁጥር 20 ነው፤ ያው የቁጥር 2 ልጅ። ምክሩን የሰጠው ባለድርሻው አንድ ሰው ብቻ መስሎት እንደሆነ፣ ሁለት ስም ላለበት ሰነድ እንደማይሠራ አምኖ፣ ለወደዱለት አሥራ አራት ሰዎች ሁሉ ሐሳቡን እንደቀየረ አስታወቀ። በኢንተርኔት ላይ እንዲህ ያለ ነገር ብዙ ጊዜ አይታይም።

ቁጥር 21 ረጅሙና ዋናው መልስ ነው። የጻፈችው በአትላንታ የምትኖር፣ በ2022 ከራሷ ታይምሼር የወጣች የታቦር ልጅ ናት። ስለ ቁጣውም ስለ ይቅርታውም አንድ ቃል ሳትል በቀጥታ ወደ ሥራው ገባች። ብዙዎቹ ትልልቅ ኩባንያዎች ድርሻውን መልሰው የሚረከቡበት የራሳቸው አሠራር አላቸው፤ ነገር ግን ሻጮቹ ስለማይናገሩት ባለድርሻው ራሱ ካልጠየቀ አያገኘውም። የሚደወለው ለሽያጭ ክፍል ሳይሆን ለባለድርሻዎች አገልግሎት ክፍል ነው። የተለመዱት ቅድመ ሁኔታዎች ብድሩ ሙሉ በሙሉ ተከፍሎ ማለቁ፣ በድርሻው ላይ ሌላ ዕዳ አለመኖሩ፣ በሰነዱ ላይ ስማቸው ያለ ሁሉ መፈረማቸውና የጥገና ክፍያው እስከ ማመልከቻው ቀን ድረስ የተሟላ መሆኑ ናቸው። እዚህ ላይ ቆም ብላ አስጠነቀቀች። ሰዎች መጀመሪያ መክፈል ያቆማሉ፣ ሲጨንቃቸው ያመለክታሉ፤ ያኔ ማመልከቻቸው ባልተከፈለው ሒሳብ ምክንያት ይመለሳል። የኩባንያውን በር የሚዘጋው አብዛኛውን ጊዜ ቅደም ተከተሉን ማዛባት ነው። አንዳንዱ ኩባንያ ለዝውውሩ የተወሰነ የአገልግሎት ክፍያ ይጠይቃል፤ አንዳንዱ የአንድ ወይም የሁለት ዓመት የጥገና ክፍያ አስቀድሞ ይቀበላል። ይህም ቢሆን ለሦስተኛ ወገን ከሚከፈለው ያንሳል፤ የሚከፈለውም ድርሻውን በትክክል መረከብ ለሚችለው አካል ነው።

ከዚህ አልፋ ወረቀት በወረቀት አስረዳችኝ። ጥያቄው በስልክ ከቀረበ በኋላ ያንኑ ቃል በኢሜይል መድገም፣ የተነጋገሩበትን ቀንና ሰዓት መመዝገብ፣ ለስብሰባ ይምጡና እንነጋገር የሚል ግብዣ ሲመጣ አለመሄድ። እርሷን ጠርተው ሳምንቷን ወደ ነጥብ፣ ማለትም በቋሚ ሳምንት ፈንታ ማረፊያ ወደሚያዝበት ሒሳብ፣ ሊለውጡላት ሞክረዋል፤ ነጥቡ አዲስ ግዢ ነበር፣ አዲስ ብድርም ነበረው። ዝውውሩ ተጠናቋል የሚል ደብዳቤ ብቻ እንደማይበቃ፣ ኦርላንዶ የምትገኝበት የኦሬንጅ ካውንቲ የሰነዶች መዝገብ በኢንተርኔት በነጻ ስለሚታይ፣ ድርሻው ወደ ኩባንያው መመለሱን በስሜ ፈልጌ በዓይኔ እንዳረጋግጥ አሳሰበች። ይህን መልስ አትሜ ሱቁ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩት፤ ደንበኞች የዋጋ ዝርዝር እየመሰላቸው ያነቡታል።

በቁጥር 22 አንድ ሰው ሳምንቴን በልውውጥ ድርጅቶች በኩል በደቡብ አፍሪካ ወይም በኬንያ ባለ ማረፊያ እንድቀይረው ሐሳብ አቀረበ። የአውሮፕላኑን ትኬት ማን እንደሚከፍል ሲጠየቅ ዝም አለ። በቁጥር 23 እኔ ስለ ልጄ ጠየቅሁ፤ ብሞት ይህ ነገር ወደ እርሷ ያልፋል ወይ? በቁጥር 24 ከቺካጎ ያለው የሒሳብ ባለሙያ ተመለሰና፣ ወራሽ ይህን ድርሻ አልፈልግም ብሎ በጽሑፍ የመተው መብት እንዳለው፣ ለፌዴራል ግብር ጉዳይ ሲባል ይህ በዘጠኝ ወር ውስጥ መደረግ እንዳለበት፣ ከዚያ በፊት ግን ወራሹ ቤቱን አንድ ሌሊት እንኳን ተጠቅሞ ከሆነ እንደተቀበለ ሊቆጠርበት እንደሚችል ገለጸ። የሟች ንብረት ራሱ ግን ከተጠያቂነት ስለማያመልጥ፣ መሞትን እንደ መውጫ በር እንዳልቆጥር በቀልድ መልክ ጨመረ። እትዬ በዚህ ቀልድ ደስ አላላቸውም።

ቁጥር 25 እህቴ ናት።

ማን እንደላከላት አላውቅም፤ ዕዳ ሰብሳቢ ድርጅት ውስጥ የሠራችውን ቁጥር 3ን እጠረጥራለሁ። መልሷ አጭርና ደረቅ ነበር። የኩባንያው ደብዳቤ ሁሉ ከ2019 ጀምሮ የሚደርሰው በእርሷ አድራሻ መሆኑን ምናልባት ረስቼው እንደሆነ አስታወሰችኝ። ተዘግቷል ያልኳት ዕለት ማታ የመጣውን ሒሳብ ከፍታ አንብባዋለች፤ የምናገርበትን ቀን ስትጠብቅ ዓመት አለፈ። የጥር ወሩን 1,245 ዶላር ባንኩ መዝገቧን ከማየቱ በፊት ከፍላዋለች። ስለዚህ ሒሳቡ የተሟላ መሆኑን፣ ቁጥር 21 ባለችው መንገድ እንዳመለክትና የሚፈረም ወረቀት ሲመጣ ወዲያው እንድልክላት አዘዘችኝ። የገንዘቡን ነገር ፋሲካ ላይ በስልክ እንደምንነጋገር ጻፈች እንጂ ወንድሜ አላለችኝም። ከእኔ በሦስት ዓመት ታንሳለች።

በማግስቱ ለኩባንያው ደወልኩ። ሦስት ጊዜ ወደ ሽያጭ ክፍል ካዞሩኝ በኋላ የሚመለከተው ክፍል ተገኘ። ማመልከቻው በኢሜይል ደረሰ፣ ተሞላ፣ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ተቀባይነት አገኘና የማስተላለፊያ ሰነዱ ተላከ። ይህ ሲሆን ክሩ ወደ ፊርማው ጉዳይ ተሻግሮ ነበር። ቁጥር 26 ሰነዱን አዲስ አበባ በሚገኘው የአሜሪካ ኤምባሲ ቀጠሮ ይዤ እንዳስፈርም፣ ለአንድ ማኅተም 50 ዶላር እንደሚከፈል ነገረኝ። ቁጥር 27 ይህ ሁሉ ድካም እንደማያስፈልግ፣ ፍሎሪዳ ከ2020 መጀመሪያ አንሥቶ በቪዲዮ የሚደረግ የፊርማ ማረጋገጫ እንደምትቀበል፣ እህቴ ያለችበት ቨርጂኒያም በ2012 ይህን በመፍቀድ ከአሜሪካ ግዛቶች ሁሉ የቀደመች መሆኗን ገልጾ አረመው። ሁለቱም ልክ ነበሩ። ለእህቴ የቪዲዮው መንገድ ሠራላትና በሃያ ደቂቃ ጨረሰች። እኔን ግን የቪዲዮው ሥርዓት ማንነቴን ለማረጋገጥ በቀድሞ የአሜሪካ አድራሻዎቼና ብድሮቼ ላይ የተመሠረቱ ጥያቄዎች ጠየቀኝ፤ ከአምስቱ ሁለቱን ሳትኩና ወደቅሁ። አንዱ የሳትኩት ጥያቄ ራሱ የታይምሼሩን ወርሃዊ ክፍያ የሚመለከት ነበር።

በቁጥር 28 ጠበቃው ሌላ ነገር አስታወሱ። በፍሎሪዳ ሕግ የንብረት ማስተላለፊያ ሰነድ ከአረጋጋጩ በተጨማሪ ሁለት ምስክሮች ይፈርሙበታል፤ ኤምባሲው ምስክር ስለማያቀርብ እኔው ሁለት ሰዎች ይዤ 275 ኪሎ ሜትር መጓዝ አለብኝ። ምስክር ፍለጋ ለወዳጅ ዘመድ መደወል ደግሞ ታሪኩን እንደገና መተረክ ነው፤ ታሪኩን አስቀድሞ የሚያውቀው ክሩ ብቻ ነበር።

ቁጥር 29 የአሮጌ ገበያዋ ነጋዴ ናት። ማክሰኞ ማክሰኞ ለጭነት መርካቶ እንደምትወጣ፣ ቀጠሮው ማክሰኞ ከሆነ ከመንገዷ እንደማያወጣት፣ ምስክርነቷ ግን ለእህቴ እንጂ ለእኔ እንዳልሆነ አስታወቀች። ቁጥር 30 የቁጥር 2 ልጅ ነው፤ ባጃጅ ነጂ መሆኑን ያኔ ነው ያወቅነው። አንድ ቀን ሥራ ቢያስፈታ እንደማይጎዳው፣ ምክሩ ላደረሰው ድንጋጤ ማካካሻ እንዲሆንለት ጻፈ። አስተባባሪው ክሩን እዚያ ላይ ዘጋው።

ቀጠሮውን ለማክሰኞ ያዝኩ። እሑድ ማታ ወረቀቶቹን ለማመሳከር ሱቄ ውስጥ ተገናኘን፤ ነጋዴዋ ሰነዱን ከእኔ በተሻለ አነበበችውና የእህቴ ስም በአንድ ፊደል ከፓስፖርቷ እንደሚለይ አገኘች። ኩባንያው አርሞ ለመላክ ሌላ ሳምንት ፈጀ። ቀጠሮው ወደ ሁለተኛው ማክሰኞ ተዛወረ። አሁን የቀረው የልጁ መታወቂያ ነው፤ ጊዜው ያለፈበት ሆኖ ስለተገኘ ከትናንት ጀምሮ ቀበሌ እየተመላለሰ ነው፤ ነጋዴዋም በየሰዓቱ እየደወለች የት እንደደረሰ ትጠይቀዋለች።